የስለቱ ጥላ

እንቅልፉ ዛሬም አልመጣም። ቀለመ ወርቅ ከሌሊት ሥራው ገብቶ፣ ጫማውን በር ላይ አውልቆ፣ መጋረጃውን ግራና ቀኝ ስቦ በመርፌ ቁልፍ አያይዞ ከተጋደመ ሦስት ሰዓት ሆኖታል። ውጭ የፍራንክፈርት ፀሐይ ወጥታለች፣ ሰው ወደ ሥራው ይተማል፣ እሱ ግን ዓይኑን ጨፍኖ ሻንጣ ይከታል፣ ያወጣል፣ እንደገና ይከታል። ሻንጣው በእውንም አልጋው ግርጌ አፉን ከፍቶ ተቀምጧል። የወንድሙ የቻላቸው በፀሐይ የሚሠራ መብራት አለ፣ የቻላቸው ሚስት የመሠረት ሹራብ አለ፣ የአጎቱ የባዩ ካፖርት ብቻውን የሻንጣውን ግማሽ በልቶታል፣ ንፋስ መውጫ ቅኔ ላስተማሩት የኔታ የተገዛች ትንሽ ራዲዮ አለች፤ ከነዚህ ሁሉ ሥር ደግሞ በነጭ ወረቀት የተጠቀለለ ጥቁር ጫማ፣ ቁጥሩ ሠላሳ ሰባት፣ ሶሉ ለስላሳ፣ ማሰሪያ የሌለው፣ ላበጠ የአሮጊት እግር የሚሆን። ጫማው የእናቱ የእማሆይ ወለተ ሥላሴ ነው። ዛሬ ማታ ይበራል። ዘጠኝ ዓመት ያልረገጠውን አፈር ነገ ሊረግጥ ነው፣ ሰው እንዲህ ባለ ቀን ባይተኛ ምን ይገርማል፣ ደስታ ነው እንጂ ምን ይሆናል ይላል ለራሱ። ደስታ አለመሆኑን ግን ከዚያ ጫማ ጋር አብሮ ያውቀዋል።

እንቅልፉን የነሳው የቻላቸው ድምፅ ነው። ቻላቸው ታናሹ ነው፣ ስማዳ ውስጥ፣ ከወገዳ ሁለት ሰዓት በእግር በምታስኬደው ሾላ ሜዳ፣ የአባታቸውን መሬት እያረሰ ከእናታቸው ጋር የቀረ ልጅ። ከልጅነቱ መዋሸት አያውቅበትም። ድምፁ ይቀጥናል፣ ያልተጠየቀውን ይጨምራል። ከታኅሣሥ ወዲህ በየእሁዱ ቀለመ ወርቅ ደውሎ እማሆይን አቅርብልኝ ይለዋል፤ መጀመሪያ ጉንፋን ይዟት ድምጿ ተዘግቷል አለው፣ ቀጥሎ ጸበል ወርዳለች አለው፣ ሑዳዴ ሲገባ ደግሞ ሱባዔ ገብታለች፣ ሰው አታነጋግርም፣ ውኃም በጭልፋ ነው የምትቀምሰው አለው። ማን ስለ ውኃው ጠየቀህ? አባታቸው ከሞቱ በኋላ ቆብ የጫነች መነኩሲት ናትና ሱባዔ መግባቷ አይገርምም፤ ቀለመ ወርቅም እሺ አለ፣ ደስ ብሎት እሺ አለ፣ ማመን ፈልጎ ነበርና። ከዚያ ፋሲካ መጣ። እንኳን አደረሳችሁ ሊል ደወለ፣ ከበስተጀርባ የበግ ቆዳ ስትፍቅ የመሠረት ሳቅ ተሰማው፣ እማሆይስ አለ፣ ቻላቸውም በዚያች ቀጭን ድምፁ፣ «ሱባዔ ናት፣ አያ» አለው። በፋሲካ! ስምንት ዓመት ቆሎ ተማሪ ሆኖ ለኖረ ሰው! ከፋሲካ እስከ ጰራቅሊጦስ ጾም የለም፣ ስግደት የለም፣ በየዋሻው የዘጋው ባሕታዊ እንኳ ወጥቶ ይፈስካል፣ የትኛዋ መነኩሲት ናት በትንሣኤ ዕለት ሱባዔ የምትገባው? ያን ጊዜ ስልኩን ዘጋ፣ ሰማያዊ ቱታውን ለበሰ፣ ወደ ሥራው ሄደ። ያች ቃል ግን አሥር ቀን ሙሉ ከጥርሱ መሐል እንደገባች ሥጋ አልወጣ ብላዋለች።

ደግሞ ምን አፍ አለኝና በቻላቸው እፈርዳለሁ ብሎ ወደ ግድግዳው ይገለበጣል። እሱስ ምን ሲነግራት ነው የኖረው? ለፋሲካ እመጣለሁ፣ ለመስቀል እመጣለሁ፣ አሁን ሥራ በዝቶብኝ ነው። የመኖሪያ ወረቀት የለኝም፣ የያዝኩት ጊዜያዊ የሥራ ፈቃድ ብቻ ነው፣ ከወጣሁ አልመለስም፣ ፖሊስ ሳይ መንገድ እሻገራለሁ ብሎ ለእናት እንዴት ይነገራል? ምን ትሠራለህ ስትለው አውሮፕላን ማረፊያ ነው የምሠራው አላት፣ ውሸት አይደለም፤ እሷ ግን ልጄ አውሮፕላን ያሳርፋል ብላ ለሾላ ሜዳ ሰው ሁሉ አወራች፣ እሱም አላረማትም። የሚያሳርፈው ቆሻሻ ነው። መንገደኛ ቀበቶውን ፈትቶ፣ ጫማውን አውልቆ፣ ዕቃውን በሚሽከረከረው ቀበቶ ላይ አድርጎ በሚያልፍበት የፍተሻ በር ጥግ ትልልቅ ሰማያዊ በርሜሎች አሉ፤ የተከለከለው ሁሉ እዚያ ይጣላል፣ እሱ አራት ዓመት እነሱን ሲገለብጥ ኖሯል። ማር አይቷል። ቅቤ አይቷል፣ የወይራ ዘይት፣ ሽቶ፣ የሕፃን መቀስ፣ በጨርቅ የተቋጠረ የማይታወቅ ቅባት። ከፋርስ አገር የመጡ አንዲት ባልቴት እንስራ የምታህል የሮማን ጭማቂ አትለፊም ተብለው፣ ተቀምጠው በልጅ ልጆቻቸው ፊት ጠጥተው ሲጨርሱ አይቷል፤ ያን ለት ሥራውን አቁሞ ሊያጨበጭብላቸው ምንም አልቀረውም። ምን እንደሚያልፍ፣ ምን እንደማያልፍ ከፈታሾቹ ይበልጥ የሚያውቀው እሱ ነው። ስለዚህ ግድግዳውን ተደግፎ የቆመውን ጥላ ሲያይ አይፈራም። አይፈራም ይላል።

ጥላው ከሻንጣው ይረዝማል። ከትልቅ መደብር የገዛው ጃንጥላ ነበር፣ እጀታው እንጨት፣ ጫፉ ባለ ስለት ብረት፤ አንድ ቱርክ ልብስ ሰፊ ጋ ወስዶ ጨርቁን አስወልቆ ቀይ ከፋይ አስለበሰው፣ ዙሪያውን ወርቃማ ዘርፍ አስተከለው። ሰፊው ለሠርግ ነው ወይ ሲለው ለታቦት ነው ብሎ ሊያስረዳ ሞከረ፣ ቃሉ አልመጣለትምና ለንጉሥ ነው አለው። እናቱ የተሳለችው ነው። ልጄ ከሊቢያ እሥር ወጥቶ ባሕር ተሻግሮ፣ በሰው አገር ወረቀት አግኝቶ በሰላም ካየሁት ለሾላ ሜዳው ጊዮርጊስ ጥላ አስገባለሁ ብላ ተስላለች። ወረቀቱ ባለፈው ጥቅምት ሲመጣ መጀመሪያ የደወለው ለእሷ ነበር። እልል አላለችም። «ጥላዬን እንዳትረሳ» አለችው። «ገንዘብ ልኬ ጎንደር ይሠራልሽ፣ ባለሞያ አለ» ቢላት፣ «እንቢ። ካለህበት ገዝተህ በእጅህ ይዘህ ግባ። በሰው እጅ እንዳትልከው፣ በጭነትም እንዳይመጣ። ከሄድክበት አገር መመለስህን ጊዮርጊስ በዓይኑ ይየው» አለችው። በእጅህ ይዘህ ግባ። ይህን ስትል ድምፅዋ ደህና ነበር፣ ጉንፋን አልነበረባትም፣ ጥቅምት ነበር፣ አሁን ሚያዝያ ነው።

ከአልጋው ተነሣ። መጋረጃውን ገለጠው፣ ብርሃኑ ይምጣ ብሎ ገለጠው፣ የስልክ ካርዱን ፋቀና የቄስ ወልደ ጊዮርጊስን ቁጥር መታ። ቄሱ የእናቱ የነፍስ አባት ናቸው፣ የሾላ ሜዳ ጊዮርጊስ አስተዳዳሪ፤ ሞባይል የያዙት አምና ነው፣ ኔትወርክ ፍለጋ ጉብታው ላይ ካልወጡ አይሰማም። ሦስት ጊዜ ተቋረጠ። በአራተኛው ነፋስ ከሰውዬው ቀድሞ ገባ።

«አባ፣ ቀለመ ወርቅ ነኝ። የእማሆይ ልጅ።»

«እሰይ! እሰይ ልጄ! ተነሣህ እንዴ?»

«ማታ እነሣለሁ። አባ፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎ ነው።»

«ጠይቅ።»

«የስለቱን ጥላ ይዤዋለሁ። ደጀ ሰላሙ ስደርስ ለታቦቱ የሚሰጠው ማን ነው? ስለቱ የእሷ ነው፤ እሷ ናት በእጇ የምትሰጠው ወይስ እኔ?»

ነፋሱ ነፈሰ። «አንተ ስጥ» አሉት።

«እሷስ?»

«አንተ ብትሰጥላቸው ጊዮርጊስ ይቀበላል።»

«አባ፣ በያዙት መስቀል፣ እናቴ በሕይወት አለች?»

ካርዱ ደቂቃ ይበላል። አንድ ውሻ ሾላ ሜዳ ላይ ጮኸ፣ ድምፁ እዚህ አራተኛ ፎቅ ላይ ተሰማ፣ ቄሱ ግን አልተሰሙም። በኋላ፣ «ልጄ፣ እኔን አትጠይቀኝ» አሉ፣ «ሽማግሌ ተቀምጦ የመከረበት ነገር ነው። ና ብቻ። በሰላም ግባ።»

«እሺ አባ።»

«ቀለመ ወርቅ! ሰው አጠገብህ አለ?»

«የለም።»

«ሰው ጥራ። ብቻህን እንዳትሆን።»

«ማንን ልጥራ አባ?» አላቸው፤ ስልኩም በዚያው ተቋረጠ፣ ካርዱ አልቆ ይሁን ነፋሱ ወስዶት አይታወቅም።

አላለቀሰም። ወለሉ ላይ ተቀመጠ፣ ጀርባውን ለአልጋው ሰጠ። መጣብኝ ብሎ የጠበቀው ዕንባ ሳይሆን ንዴት መጣ፣ ከእግሩ ጀምሮ ወደ ላይ፣ ትኩስ። ሽማግሌ ተቀምጦ መክሮበታል! በእኔ እናት፣ በእኔ ልቅሶ፣ መቼ እንደማለቅስ ባዩና ሽማግሌዎቹ ተቀምጠው ቀን ቆረጡልኝ! ቻላቸው ባለፈው እሁድ ያለው ሁሉ አሁን ተፈታለት፦ ወገዳ ስትደርስ አጎቴ ባዩ ቤት እናድራለን፣ አያ፣ መሽቶ መንገዱ አይመችም፣ ጠዋት አብረን እንወርዳለን። ያ ጠዋት ምን እንደሚመስል ቀለመ ወርቅ ያውቃል። የአሥራ አራት ዓመት ዲያቆን ሳለ፣ ላይ ጋይንት ውስጥ፣ መርዶ ሊያረዱ ከሚሄዱ ካህናት ጋር መብራት ይዞ ሄዷል። ሰውየው ከሰሜን ጦር ግንባር የተመለሰ ወታደር ነበር፣ አባቱ ከሞቱ ዓመት ሞልቷቸዋል፣ ሲበላ ሲጠጣ ሲስቅ አመሸ። ጎህ ሳይቀድ ሰው ሁሉ ውጭ ተሰልፎ ቆመ፣ አንዱ ገብቶ ቀሰቀሰው፣ እየተጣደፈ አንድ እግሩን ብቻ ጫማው ውስጥ አግብቶ ወጣ፣ ነገሩት፤ ያ ወታደር በአንድ ጫማ እያነከሰ ግቢውን ሲዞር፣ ማታ የሳቀበት ሳቅ ከአፉ ሊወጣ ሲታገለው ቀለመ ወርቅ መብራቱን ይዞ ያያል፣ አሁንም ያያል። ለእሱ አዝነው ነው፣ ደንብ ነው፣ ሰው በራበው በደከመው አይረዳም፣ ይገባዋል። ግን ያን ሳቅ ማን መለሰለት? እኔን እንዲህ አያደርጉኝም! በልቼ ጠጥቼ፣ ስጦታ አድዬ፣ እማሆይ ነገ ጫማሽን ትለኪያለሽ እያልኩ ስስቅ አምሽቼ፣ እነሱ እያወቁ እያዩኝ! አያደርጉኝም።

ከዚያ ሻንጣውን አዲስ አድርጎ ከተተ። ሁሉን አወጣና የእናቱን ጫማ መጀመሪያ ሳይሆን መጨረሻ፣ ከሁሉ በላይ አስቀመጠው፤ የሚከፍተው ሰው ሁሉ መጀመሪያ እሱን ይይ። የሱፍ ካልሲዋንም፣ ለጉልበቷ የገዛውን ቅባትም። በእጅ ሚዛኑ አንጠለጠለው፣ ከተፈቀደው ሦስት ኪሎ በለጠ። ሰው ቢጠይቀው የሞተን ሰው ጫማ አውጣ ይለው ነበር። ስለዚህ ማንንም አልጠየቀም፤ የራሱን ሁለት ሱሪና ጃኬቱን አውጥቶ አልጋው ላይ ወረወረ፣ እንደገና መዘነ፣ ልክ ሆነ፣ ዚፑን ዘጋ። በለበሰው ልብስ አገሩ ይገባል። ምን ይሆናል?

አውሮፕላን ማረፊያው ሲደርስ እግሩ ከልማድ ወደ ሠራተኞች በር ወሰደው፣ ግማሽ መንገድ ሄዶ ነው የተመለሰ። በፊት በር ገብቶ አያውቅም። ሻንጣ የምትቀበለው ልጅ ሻንጣውን መዝና ወረቀት ለጠፈችበት፣ ከዚያ ጥላውን አየች። ይህ ረዥም ነው፣ ጠቅልለውልዎት በጭነት ይሄዳል፣ እዚያ ማዶ ትልልቅ ዕቃ የሚቀበሉበት አለ አለችው። በእጄ ነው የምይዘው አላት። ፈታሾቹ ቢመልሱዎት ጊዜ ያጥርብዎታል አለች። አይመልሱኝም አላት። ቢመልሱኝ ግን ምን እላለሁ እያለ፣ አይመልሱኝም እያለ፣ ጥላውን እንደ መቋሚያ ትከሻው ላይ አድርጎ ሰልፉን ያዘ። ከፊቱ ያለው ሰውዬ ቀበቶውን ይፈታል፣ ከኋላው ያለች ሴት የልጇን ወተት ትቀምሳለች፣ በየሣጥኑ ሰው ስልኩን ኮምፒውተሩን ጫማውን ያኖራል፣ እሱ በየሌሊቱ ጥግ ሆኖ ያየውን ነገር ዛሬ ሲያደርገው ሳንቲሞቹ ከኪሱ ተበተኑ።

ማሽኑ ጋ የቆመችው ዳኑታ ናት። ከፖላንድ የመጣች ሰፊ ሴት፣ ተረኛ በሆነች ቁጥር በርሜሉን ሲገለብጥ እግሯን አንሥታ የምታሳልፈው፣ በደህና እደር የምትለው። ስሙን መጥራት ስለማይሆንላት ካሌ ትለዋለች። «ካሌ! አንተ ነህ? ያለ ቱታ አላወቅሁህም!» አለችው፤ ጥላው ሲመጣ ግን ፊቷ የሥራ ፊት ሆነ። ጫፉን በጣቷ ነካችው። «ይህ አያልፍም። ብረቱ ስለት አለው።»

«አውቃለሁ» አላት። እጀታውን በጉልበቱ መሐል ይዞ የጫፉን ብረት በእጁ አዞረው። ልብስ ሰፊው ጋ ሳለ ተጠምዝዞ እንዲፈታ አድርጎ አሠርቶት ነበር፤ ጠብቆ ስለነበር አልፈታ አለው፣ አፉን ጠምዝዞ እንደገና አዞረው፣ ተፈታ። ዘወር ብሎ በርሜሉ ውስጥ ጣለው፣ ከውኃ ጠርሙሶቹና ከሽቶዎቹ ጋር። ድምፁን አወቀው። በርሜሉ ግማሽ ድረስ ሞልቷል፣ ነገ ሌላ ሰው ይገለብጠዋል።

በዚህ መሐል ክራባት ያሰረ አለቃ መጣ። ርዝመቱ ይበዛል፣ ወደ ጭነት ይመለስ አለ፣ አነጋገሩ ለዳኑታ እንጂ ለእሱ አልነበረም። ቀለመ ወርቅ ወረቀት ባልነበረው ዘመን እንዲህ ያለ ክራባት ሲያይ ዓይኑን መሬት ላይ ነበር የሚተክለው። አሁን አልተከለም። «ጌታዬ» አለው በሰባራ ጀርመንኛው፣ እስኪያልቅ ሳይቸኩል፣ «እኔ አራት ዓመት ይህን በርሜል ስገለብጥ ነበር። እዚህ የተከለከለው ሁሉ በእጄ አልፏል። አንድም ቀን ጥላ ገልብጬ አላውቅም። የሚከለክል ደንብ ካለ ያንብቡልኝ፣ እመለሳለሁ። ከሌለ ግን በእጄ ነው የምይዘው፤ በጭነት አይሄድም።» ሰልፉ ቆመ። ከኋላ አንዱ አጉረመረመ። አለቃው ዳኑታን አየ፣ ዳኑታ ትከሻዋን ነቀነቀች። «ክፈቺውና ውስጡን እዪ» አላት፣ ሰዓቱን አይቶ ሄደ።

«መክፈት አለብን፣ ካሌ» አለች። እሱ ራሱ ከፈተው። ከፋዩ ተወጠረ፣ ዘርፉ ዙሪያውን ወርዶ ተወዛወዘ፣ በነጩ መብራት ሥር ቀዩ ደም መሰለ፣ አንድ ሕፃን ኡው አለ። የማይከፈት ቦታ ከፈተው። ካህን የለ፣ ታቦት የለ፣ ጥላው ባዶ አየር ይጋርዳል። ዳኑታ በጓንቷ ዘንጎቹን አንድ በአንድ ዳበሰች፣ እየዳበሰችም፣ «እንዴት ያምራል። የማን ነው?» አለችው።

«የእናቴ።»

«እየጠበቀችህ ነው?»

«ሞታለች» አለ።

ለካ በጀርመንኛ እንዲህ ቀላል ኖሯል። አንዲት ቃል ናት፣ ወጣች፣ ምላሱ ላይ ምንም አልተወችም። በአማርኛ ግን ገና አላላትም፣ ለራሱም አላላትም፤ በአማርኛ ስትወጣ የት ሆኖ እንደሚላት ያን ጊዜ ወሰነ። ዳኑታ እጇ ቆመ። ጓንቷን አወለቀች፣ በባዶ እጇ ክንዱን ይዛ፣ «መቼ?» አለችው፣ «አልነገሩኝም» አላት፤ ጥላውን እሷ ዘጋችለት፣ ዘርፉን ሰብስባ አሰረችለት፣ አሳለፈችው።

አዲስ አበባ ጉምሩክ ያለው ወጣት ምንድን ነው ይህ ቢለው ስለት ነው አለው፤ ወጣቱ ከፋዩን በሁለት ጣቱ ነክቶ ግንባሩን ነካና ሂድ አለው። ከዚያ አውቶቡስ ነው፣ ዓባይ በረሃ ነው፣ ደብረ ታቦር ማደር ነው፣ ከደብረ ታቦር በእስቴ አድርጎ አቧራ መጠጣት ነው። ጥላውን ጭኑ መሐል አቁሞ ይሄዳል። ጉና ራቁቱን ይታያል፣ እርሻው ታርሶ ዝናብ ይጠብቃል፣ ሰዎች የማን ስለት ነው ይሉታል፣ የእናቴ ነው ይላል፣ በሰላም ታስገባው ይላሉ፣ አሜን ይላል። አሜን ባለ ቁጥር ጥርሱን ይነክሳል። ሚያዝያ ሃያ፣ ከቀኑ አሥር ሰዓት ላይ ወገዳ ደረሰ። ቻላቸውና መሠረት መኪናው ሳይቆም ሮጠው መጡ፣ ተቃቀፉ፣ ቻላቸው አንገቱ ሥር ገባ። ከስቷል። ፀጉሩ ተላጭቶ ያደገ ፀጉር ነው። መሠረት አበባ ያለበት ሽንጣም ቀሚስ ለብሳለች፣ የተዋሰችው ይመስላል፣ ከጫፉ ሥር ሁለት ጣት ያህል ጥቁር ልብስ ይታያል። አየውና ዓይኑን አነሣ።

«እማሆይስ?» አለ፣ እስቲ ይዋሽ ብሎ።

ቻላቸው ወደ መሠረት አየ። «ነገ ታገኛታለህ፣ አያ» አለው። ድምፁ ያች ቀጭኗ ድምፅ ናት።

አጎቱ ባዩ ቤት ሰው ሞልቷል። ለአንድ ከውጭ ለመጣ ልጅ ይህን ያህል ሽማግሌ አይጠራም፤ አሥራ አምስት ይሆናሉ፣ ቄስ ወልደ ጊዮርጊስም ጥግ ላይ አሉ፣ ዓይናቸው ምንጣፍ ላይ ነው። እየተነሡ ሳሙት፣ አምሮብሃል፣ ወፍረሃል፣ እንኳን ለአገርህ አበቃህ ይባላል። ዶሮው ቀረበ፣ ጠላው ቀረበ። ባዩ እጁን ይዞ ወደ መደቡ ሳበው። ባዩ የእናቱ ወንድም ነው፣ ቁመቱ እሷን ነው፣ አፍንጫውም እሷን ነው። «በል ቅመስ ልጄ። መንገድ አድክሞሃል። ዛሬ ብላ፣ ጠጣ፣ ተኛ። ሌላው ነገ ነው።»

«አልቀምስም አጎቴ» አለ። አልተቀመጠም። ጥላውን በቀኝ እጁ ይዞ የቤቱ መሐል ቆመ። «እናንተ ነገ የምትነግሩኝ ነገር አለ። እኔ ዛሬ የምነግራችሁ አለኝ።»

«ቁጭ በል!» አለ ባዩ። ገብቶታል። «ቁጭ በል አልኩህ! ይህ ነገር ደንብ አለው!»

«ደንቡን አውቃለሁ፤ መብራት ይዤ አርድቼበታለሁ። ጌቶቼ፣ እናቴ እማሆይ ወለተ ሥላሴ ሞታለች። አርፋለች። እርማችሁን አውጡ!»

በአማርኛ ወጣች። አንድ ዋንጫ ሲቀመጥ ተሰማ፤ ከዚያ ከጓዳ መሠረት ናት መጀመሪያ የጮኸችው፣ ያን አበባማ ቀሚስ ከላይዋ ገፍፋ በጥቁሩ ወጣች፣ ሴቶቹ ተከተሏት፣ ሽማግሌዎቹ እንደ አንድ ሰው ተነሡ፣ እሱም ጥላውን ለቄሱ ሰጥቶ ደረቱን መታ። ከሦስት ቀን በኋላ ይህ ጥላ ጫፉ ብረት የሌለው ሆኖ በታቦቱ ላይ ይዘረጋል፣ ዓመት የሚከበርበት ጊዮርጊስ ነውና የሰባት ደብር ሰው ያየዋል፤ ባዩ ካፖርቱን ለብሶ ይመጣል፣ ግን እስከ ሰኔ ድረስ አያነጋግረውም። አሁን ግን ይኸው ባዩ ራሱ ደረቱን ከፍቶ፣ እህቴን እህቴን እያለ ከሁሉ በላይ ያለቅሳል። አራት ወር የዋጠው ነው።

ጀንበር ስትጠልቅ ልቅሶው በረደ፣ ሰው ጓሮው ላይ ቁጭ ቁጭ አለ። ቀለመ ወርቅ ቻላቸውን ከእንጨት ክምሩ ጀርባ ብቻውን ሆኖ አገኘው። ከፍራንክፈርት ጀምሮ የመከረበት ንግግር ነበረው፤ በአውሮፕላኑ ላይ ቃል በቃል አጥንቶታል፦ ማን ፈቀደልህ፣ እንደ ሕፃን፣ ሱባዔ በፋሲካ። አጠገቡ ተቀመጠ።

«አያ፣ ሽማግሌ ነው እንዳትነግረው ያለኝ» አለ ቻላቸው ቀና ሳይል፣ «ግን ባይሉኝም አልነግርህም ነበር። አዝኜልህ አይደለም። በየእሁዱ ትደውላለህ፣ እንዴት ናት ትላለህ፣ ደህና ናት እልሃለሁ። ስልኩን እስክዘጋው ድረስ ለእኔም ደህና ትሆንልኝ ነበር። እዚህ ሁሉም አልቅሶ ጨርሷል፣ እንዴት ናት ብሎ የሚጠይቀኝ ሰው ያለ አንተ አልነበረም። ከነገርኩህማ አትጠይቀኝም።»

ቀለመ ወርቅ ያጠናውን ንግግር ፈለገው። የለም። ወንድሙን ትከሻው ላይ ያዘው፣ አጥንቱ በእጁ ገባ።

«እጠይቅሃለሁ» አለው። «ይኸው ጠየቅሁህ። እንዴት ነበረች? ከመጀመሪያው ጀምር፣ ምንም እንዳትዘልል።»

ቻላቸው አፍንጫውን በጋቢው ጠረገ። «ታኅሣሥ ለገብርኤል ማግስት ነው» አለ፣ ድምፁም ወፍራም ነበር፤ «ጠዋት ተነሥታ በጎቹን ልቀቅ አለችኝ…»